በክንዴ የለካሁት ጎራዴ

ቦኔ፣ ሱላዌሲ
ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ትንሿን ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? እዚያ ባሕር ማዶ የታዋው ከተማ ሙቀት አሁንም ያስነጫንጭሻል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ላንቺ መዋሸት አልችልበትም። ሰውነቴ ደህና ነው። ሆዴም ስድስተኛ ወሩን ይዟል፣ ይራገጣል። ልቤ ነው አላርፍ ያለው። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ እንደ ልማድሽ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢ።

የቅድመ አያታችን ጎራዴ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ሆላንዶች ወስደውት ሰባ ዓመት ሙሉ በሙዚየማቸው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የነበረው። ችግሩ፣ ያመጡት አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። የተጻፈባቸው ወረቀት ድሮ ተቀላቅሎ የትኛው የማን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁም። ሰገባ እንኳ የላቸውም። «የእናንተን ለይታችሁ ውሰዱ፣ የቀሩት ይመለሳሉ» ተባለ። አጎታችን ፑዋንግ ሶምፓ ደረታቸውን ነፍተው «ታዲያ ምን ቸገረን፤ ቅጠሉ አለ አይደል!» አሉ።

እኔ ግን ጉዴን አውቃለሁ። ጎራዴው ተቀጥቅጦ ያለቀ ዕለት በስለቱ ቁመት ልክ የተቆረጠው የዘንባባ ቅጠል፣ ከሴት ወደ ሴት ሲወርድ ኖሮ አንቺ ስታገቢ ለኔ ያስረከብሽኝ፣ በየዓመቱ የአባቶች ቅርስ በሚታጠብበት ቀን በጎራዴው ፋንታ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝተን ሎሚ የምንቆርጥለት፣ እሱ ቅጠል የለም። ባለፈው ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገባ። ብከፍተው እንደ ረጠበ ወረቀት እጄ ላይ ተበታተነ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሌላ ቆረጥኩ። በምን ልክ አትዪኝም? ስይዘው ከጣቴ ጫፍ እስከ ብብቴ ይደርስ የነበረ ይመስለኛል። ይመስለኛል! በዚህችው ይመስለኛል ቆርጬ፣ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ እስኪጠቁር አጨስኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ቤቱ ሞላ። ጎረቤታችን ኢንዶ ራዌ ማንም ሳይጠራት ከፊት ምንጣፍ ላይ ተንሰራፍታለች። «ይቺ ልጅ የገረጣችው ከሆዷ ነው ወይስ ከሆነ ነገር?» ብላ ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከሙዚየሙ የመጣችው ሴትዮ ቁመቷ ለጉድ ነው። ደረጃውን ወጥታ ስትገባ ግንባሯ ከበሩ ጉበን ጋር ተላተመ። አጎታችን በአስተርጓሚው በኩል «አይዞሽ፣ ቤቱ እጅ ንሺ እያለሽ ነው» አሏት። ደግ ሰው ናት፤ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ያበሰልኩትን ሩዝ ሦስት ጥቅል በላች።

ከዚያ አጎታችን ለኩ። የመጀመሪያው ጎራዴ ቅጠሉን በአራት አውራ ጣት በለጠው። ሁለተኛው ልክ ሆነ፣ ፀጉር አያስገባም። ሦስተኛው በሁለት ጣት አጠረ። ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ምንም አልቀረው። አጎታችን እየተንሰቀሰቁ ስለቱን ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ኢንዶ ራዌ እንኳ አነባች፣ የእውነቷን ነው። ሴትዮዋ ወረቀት አስፈርማ የቀሩትን ሁለቱን ጠቅልላ ሄደች። ጎራዴው አሁን ከመኝታዬ በላይ ቆጥ ላይ ነው።

አጎታችን ሁልጊዜ የሚሉትን ታውቂያለሽ፦ የሌላ ቤት ጎራዴ ከጣሪያችን ሥር ከገባ፣ በመጀመሪያ የሚወለደውን ልጅ ይጠይቃል። ድሮ አንቺና እኔ በእሳቸው እንስቅ ነበር። አሁን ሆዴን ይዤ ቀና ብዬ ቆጡን አያለሁ።

ሰው ሁሉ እንግዳዋን ሊሸኝ ሲወጣ እኔ ቅጠሉን ላነሳ ቀረሁ። አያታችን ከጥግ ሆነው «እስቲ ወዲህ በይው» አሉኝ። ዓይናቸው እንደማያይ ታውቂያለሽ፤ አፍንጫቸው ግን ዛሬም ማንንም ያስንቃል። ቅጠሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱትና ፈገግ አሉ። «ያንቺስ ደህና ነው። የእህትሽ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተን!» ብለው ትራሳቸውን አመቻችተው ጋደም አሉ። ለካ አንቺም ያስረከብሽኝ፣ ዓሣ በሚደርቅበት ጢስ ያጠቆርሽውን ምትክ ኖሯል!

እታለም፣ አልተቀየምኩሽም። ደግሞስ ተቀያሚ እንድሆን እኔ ማን ነኝ? እኔ በትዝታ የለካሁት ያንቺኑ ቅጠል ነውና አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያንቺን ስትቆርጪ የድሮው ቅጠል አጠገብሽ ነበረ?

ሁለቱ ጎራዴዎች እስከ ሃያኛው ቀን ወደብ ላይ ናቸው፤ ከዚያ መርከቡ ይነሳል። ወደዚህ የሚመጣ ጀልባ ካገኘሽ መልስሽን በሰው ላኪልኝ፣ ካጣሽ ቴሌግራም ምቺልኝ። «ነበረ» ወይም «አልነበረም» ይበቃኛል። አልነበረም ካልሽኝ አጎታችን እግር ላይ ወድቄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ የቆረጥኩት እኔ ብቻ ነኝ እላለሁ፣ ያንቺ ስም ካፌ አይወጣም።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ የባልሽን መረብ ይሙላልሽ፣ በመካከላችን ያለውን ባሕር ጸጥ ያድርግልን።

መልስሽን ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቅ
ታናሽ እህትሽ