ለስፌት ማሽን የሚሆን ካቻቢቴ ፍለጋ

ሰኞ
አፌ ነው ጉዴ። የስፌት ማኅበራችን ሊቀመንበር እትዬ ጥሩወርቅ «ሦስተኛው ማሽን ደብረ ማርቆስ ሄዶ ይሠራ» ሲሉ፣ «ኧረ እኔ እፈታዋለሁ» ብዬ ቁጭ። ባለፈው የተላከው ሳይመለስ ክረምቱ አለቀ፤ አሁን ደግሞ የተማሪዎች ዩኒፎርም ይዘናል። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም። «እስከ ዓርብ፣ እማዋይሽ። ካልሆነ ይጫናል፤ አንቺም ከዚያ ወዲያ ማሽን ለመፍታት እጅሽን አታነሺም» አሉኝ።
ሕመሙን አውቀዋለሁ። ከመርፌው ሥር ካለው ብረት ውስጥ ክር ታንቋል። ብረቱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ብቻ ናቸው።

ማክሰኞ
ከዚሁ ከቢቸና አንድ ሣጥን ካቻቢቴ ገዛሁ። ሠላሳ ሁለት ጫፍ ለአንድ እጀታ፤ ሲከፈት እንደ ሙሽራ ጌጥ ያብለጨልጫል። አንዱን ሰክቼ ጠመዘዝኩ። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም፤ የተጠመዘዘው ጫፉ ነው። የብሎኑንም ስንጥቅ ቧጨረው። ስንጥቁ ጨርሶ ከተበላ ማንም አይፈታውም።
ባሌ አየና «አይዞሽ፣ ገና ሠላሳ አንድ አለሽ» አለኝ።
ኋላ ጫፉንና ብሎኑን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ገባኝ። የገዛሁት ጫፍ እንደ ሽብልቅ ነው፣ የብሎኑ ስንጥቅ ግን ጠባብና ቀጥ ያለ። ሲገፉት ወደ ላይ ይሸሻል እንጂ አይዝም። ካቻቢቴ በብዛት የሚመረጥ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ረቡዕ
ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ከቤቴ ማሽን፣ ከማኅበሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ላላ ያሉ ሦስት ብሎኖች ፈትቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያቸው ነበር። የዕቃ መሸጫው ባለቤት ሐጂ ኑርዬ ቋጠሮዬን ስፈታ ገንዘብ መስሏቸው «ዕቃውን ሳታዪው ልትከፍዪ ነው?» አሉኝ። ብሎኖቹን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኳቸው።
«እኅቴ፣ ሰው ብሎን ይዞ ገበያ ይወጣል?»
«ጫማ የሚገዛ እግሩን ቤት ትቶ ይመጣል፣ ሐጂ?»
ሳቁና ወንበር ሰጡኝ።
ያላቸውን ካቻቢቴ ሁሉ ሞከርኩ። አንዱ ስንጥቁ ውስጥ ይወዛወዛል። አንዱ በጣም ወፍራም። የአንዱ እጀታ መዳፌን አልፎ ይተርፋል። የማሽን ዘይት ለመንኳቸውና እጄን ቀብቼ ጨበጥኩ፤ ሥራዬ በዘይት እጅ ነዋ። «ቀጥሎ ደግሞ ሳሙና ልትጠይቂኝ ነው» አሉ። መጨረሻ ላይ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ የጨርቅ ጥቅል አወረዱ፤ ውስጡ ስድስት ካቻቢቴ። «ስለማያብረቀርቅ የሚጠይቀኝ የለም» አሉ። ሁለተኛው ጫፍ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ወሰድኩት።

ሐሙስ
አንደኛው ብሎን ወጣ። በእጄ። እልል ልል ነበር፣ ሁለተኛው፣ ያ እኔው የቧጨርኩት፣ እምቢ አለ እንጂ። «በመዶሻ መታ መታ አድርጊው» አሉኝ ሴቶቹ። አላደርገውም። ዘይት ጠብ አድርጌ ተውኩት። እትዬ ግን ማሽኑን ለሚጭነው ሾፌር ስልክ ሲደውሉ ሰማሁ። ነገ ከሰዓት በፊት ይመጣል።

ዓርብ
ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ጫፉን በቀጥታ አቁሜ፣ በደረቴ ተጭኜ፣ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። ቀጭ አለ። ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ ከዚያ በጣቴ ወጣ። ከብረቱ ሥር የጡጫ ግማሽ የሚያህል ሰማያዊ ክር፣ በመካከሉ የተሰበረ መርፌ ጫፍ። አጸዳሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ አንድ ኮሌታ ሰፋሁ።
እትዬ ኮሌታውን አንስተው በሁለት እጃቸው ወጠሩት። ስፌቱ አልተተረተረም። ስልካቸውን አወጡና «ተወው ልጄ፣ ጭነት የለም» አሉት ሾፌሩን።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አራተኛውም ማሽን ያንኳኳል፤ ሰኞ እዪው» አሉኝ። እሺ አልኩ። አራተኛው ሌላ ዓይነት ነው፤ ከፍቼው አላውቅም። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ለዚህ ደብተር ብቻ ነው።