ከደሙ የወጣው ስታርች

ለተወደድሽው ለባሌ እህት ለኤደልትራውድ፤ ሰላምታዬ ከሃኖቨር ተነሥቶ ካናዳ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድምሽ ፎልክማርም እንደ ልማዱ ገላውን ያካል።

አምና አንድ ጆሮው ድንገት ሲደነቁር ሐኪሞቹ ከበቆሎ ስታርች የተሠራ የፕላዝማ ምትክ፣ ደም የሚያቀጥን ፈሳሽ፣ ዐሥር ቀን ሙሉ በደም ሥሩ አንጠባጠቡለት። ጆሮው አልዳነም፤ ማሳከኩ ግን ይኸው ዓመት ሞላው። ቀኑን ሙሉ እንደ አሳማ ጀርባውን በበር መቃን ሲያሻሽ ይውላል!

ሰኞ ስታርቹን ወደ ሰጡት ሆስፒታል ጎትቼ ወሰድኩት። ያኔ ያከመው ኩሩ ፕሮፌሰር ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ "እመቤት፣ ስታርቹ በጥቂት ቀን ከደም ይወጣል" አለኝ።

"ከደም ወጥቶስ የት ገባ?" አልኩት።

"ማሳከኩ የሐሳብ ብዛት ያመጣው ነው።"

"ፎልክማርና ሐሳብ? ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር አስቦ አያውቅም!"

ወንድምሽ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ቅባት ጽፎ ሸኘን፤ ደንቆሮ! ስታርቹ ቆዳ ሥር ተቀብሮ ዓመት እንደሚቆይ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እንኳ ታውቃለች።

አሁን ደግሞ ያ ሰነፍ እግሩ አብጦ ጫማው ሁሉ ጠበበኝ ብሎ በነጠላ ጫማ ይዞራል። ቢራም አስጠላኝ ይላል፤ ፎልክማር!

ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ወደ መስከረም ብታመጪው ይሻላል። ለወንድምሽ የገና በዓል ሩቅ ነው።

ጤናና ዕድሜ አይለይሽ፤ የወንድምሽ ሚስት ሮስቪታ።