እማዬ ዝም ያለችባቸው ሰባት ደቂቃዎች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፦

እንደምን ከረምሽ? ቤትሽስ ደህና ነው? ያ የማይለቅሽ የወገብ ሕመምስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» እንዳልልሽ ግን እማዬ አለች። ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ይህን በሰው እጅ ልኬልሻለሁ።

እማዬ አንጎሏ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባታል። ያለው በግራ በኩል፣ ንግግር የሚያልፍበት የነርቭ መስመር አጠገብ ነው። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። ሐኪሙ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ካላየ ዕጢውን ሲያወጣ ንግግሯንም አብሮ ሊወስደው ይችላል። የእማዬን ንግግር! እስቲ አስቢው።

መስመሩን የማሳየው ደግሞ እኔ ነኝ፣ እዚያው በምሠራበት የኤምአርአይ ክፍል። ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ዛሬ ልንገርሽ። አንጎላችን ውስጥ ያለው ውሃ አንዴም አያርፍም። በነርቭ ክሮቹ ርዝመት እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ወደ ጎን ሲሆን ግን ይታገዳል። ማሽኑ ከብዙ አቅጣጫ እየለካ ውሃው ወዴት እንደሚቀለው ይነግረናል፤ እኛም ከዚያ ተነስተን መንገዱን እንስላለን። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼበት ዛሬም ይደንቀኛል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ሙሉው ልኬት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጭንቅላት መነቃነቅ የለበትም። እማዬን ደግሞ ታውቂያታለሽ። የመጀመሪያ ቀን ማሽኑ ኳ፣ ኳ ሲል «ማነው? ግቡ እንጂ!» ብላ ምስሉን አበላሸችው። ሐኪሙ ሳቁን መያዝ አቃተው። በማደንዘዣ እንዳናስተኛት ልቧ አይችልም።

አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ባልደረባ አለኝ፤ በደቂቃ ስለሚሰስት «ቆንቋናው» እንለዋለን። ከእሱ ጋር ሆነን አቅጣጫዎቹን ቀነስን፣ ቅደም ተከተላቸውንም ቀየርነው። አንዱን ከለካን ቀጣዩ ከእሱ ከራቀው ወገን ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የትም ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ የተሰበሰበው ዙሪያውን ያየ ይሆናል። መጀመሪያ እኔው ተኝቼ ሞከርነው፣ ሠራ። ለእማዬም «ሰባት ደቂቃ ነው፣ ካልቻልሽ የሰጠሽን ይበቃናል» አልኳት።

ገባች። «ግቡ!» የምትልበትን እየጠበቅኩ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። እህቴ ሙች፣ እማዬ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለች!

ከዚያ መንገዱ ወጣ። ከጆሮዋ ኋላ ተነስቶ ታጥፎ ወደ ግንባሯ ይሄዳል፤ ዕጢው ገፍቶታል እንጂ አልበጠሰውም። ያሳደገን ቁጣ፣ ያስተኛን ተረት፣ ሁሉም በዚያ ነው ያለፈው። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም» ትል የለ ራሷ? አንቺን ያስቀየመችሽ ያቺ ቃልም በዚያው ነው ያመለጠቻት። ቆሜ አለቀስኩ። ሐኪሙ አሁን የማይነካውን እንደሚያውቅ፣ ቃል ግን ሊገባልኝ እንደማይችል ነገረኝ።

እንዴት ዝም እንዳለች ስጠይቃት፣ ለአንቺ የምትነግርሽን በልቧ ስትደረድር እንደነበር ነገረችኝ። ድንገት ቢቋረጥባት ብላ ዋናውን አስቀድማለች። ቀሪውን የባለቤቱ ነው ብላ ከለከለችኝ። የመጀመሪያው ግን ስምሽ ነው፣ ያ እሷ ብቻ የምትጠራሽ። እዚህ ልጽፈው አልኩና ተውኩት፤ ከእሷ አፍ ካልሆነ አያምርም።

እስከ ረቡዕ ማታ እኔ ቤት ናት። ፈጣሪ የሐኪሙን እጅ ያጽና፣ የአንቺንም መንገድ ያቅና። በሩን አንኳኪ ብቻ፤ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ።

ታናሽ እህትሽ