በአረንጓዴ ምልክት የተላከችው ልጄ

ለከተማው የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰላ

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ «ላኩኝ» የተባለው የታዳጊዎች ሥራ መፈለጊያ መተግበሪያ እንዲታገድ፣ የጥበቃ ደንቡን ያስቀሩት ኃላፊም እንዲጠየቁ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች ፅጌረዳ ገብረ መድህን የዚሁ ከተማ ነዋሪ፣ በሙያዬ የኮምፒውተር መምህርት፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ የናዝሬት ብሩክ እናት ነኝ። አቤቱታዬ የታዳጊዎች ሥራ ማገናኛ ማዕከል ኃላፊ በሆኑት በአቶ ወንድምአገኝ ፈቃደ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ለፍትሕ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ለበቀልም ነው። የነፍስ አባቴ በቀል የእግዚአብሔር ነው ብለው መክረውኛል። እኔም የእርሱን ድርሻ ለእርሱ ትቼ፣ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የሚያልቀውን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

1. እንደሚያውቁት በእኛ ሰፈር ልጅ የእናቱ ብቻ አይደለም። ያለፈ ያገደመ ትልቅ ሰው «እስቲ ተላክልኝ» ይለዋል፤ ልጁም ተልኮ «እደግ» ተብሎ ይመለሳል። ይህ የሚያምረው ግን ላኪው ሲታወቅ ነው። ከተማው ሰፍቶ ላኪና ተላኪ መተዋወቅ ሲቀር፣ ልጆቻችን በትርፍ ጊዜያቸው ግቢ የሚጠርጉበትን፣ ሣር የሚያጭዱበትን፣ ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑበትን ሥራ በስልክ እንዲያገኙ ብዬ «ላኩኝ»ን ሠራሁ።

2. ከሁሉ በላይ የደከምኩት በአንድ ደንብ ላይ ነው። ማንም ሰው ልጅ ላኩልኝ ከማለቱ በፊት ሁለት የእድር ጎረቤቶቹ ስለ ቤቱ ይጠየቃሉ። በቤቱ ማን ይኖራል? ሰውየው ሲጠጣ እንዴት ያደርገዋል? ግቢው ውስጥ ልጅ የሚጎዳ ነገር አለ ወይ? ጎረቤት የማያውቀው ነገር የለም። ሁለቱም በደኅና ከመሰከሩ ብቻ ከቤቱ ስም አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ምልክቱን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙን የመረጠችው ናዝሬት ናት።

3. መተግበሪያውን ለማዕከሉ በነጻ ሰጠሁ። አቶ ወንድምአገኝ ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው ሲያስመርቁት የእኔ ስም አልተነሣም፤ እሱን ዋጥ አድርጌዋለሁ። ኋላ ግን ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች «እንዴት በጎረቤት እንመረመራለን» ብለው አኮረፉ፤ ተመዝጋቢም ቀነሰ። በዚህ ጊዜ አቶ ወንድምአገኝ ሪፖርታቸው እንዲያምር ሲሉ የጎረቤቱን ጥያቄ ከነጭራሹ አስቀሩት። ለእኔም ሆነ ለወላጆች አልተናገሩም። አረንጓዴውን ምልክት ግን አልነኩትም፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ይህን ያወቅሁት ልጄ ከተጎዳች በኋላ፣ በእሳቸው ትእዛዝ ደንቡን ያነሣው የማዕከሉ ባለሙያ ኢርሻድ ቤቴ መጥቶ ሲነግረኝ ነው። እሱም ለመመስከር ፈቃደኛ ነው።

4. ከፋሲካ ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ ከአንድ ባለ ቪላ ለናዝሬት የግቢ ጠረጋ ጥሪ መጣላት። ስልኩን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። አረንጓዴ ነው። ራሴ የሣልኩትን ምልክት አምኜ ሂጂ አልኳት። በሩ ላይ ቆማ «ቤቶች» ብላ ተጣራች፤ ከውስጥ «ግቢ» ተባለች፤ ገባች። ያልታሰረ ውሻ ቀኝ እጇን ይዞ አልለቅም አላት። ያስጣሏት የቪላው የአጥር ጎረቤት ወ/ሮ ሃዊ ናቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» እያሉ እጇን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ባጃጅ እስኪገኝ ሳይጠብቁ በጋሪ ሆስፒታል አደረሷት።

ወ/ሮ ሃዊ በኋላ ያሉኝን እንዳለ አሰፍራለሁ፦ «እኔን ማን ጠየቀኝ? የሰውየው እናት የሞቱ ጊዜ እንኳ ውሻውን አላስርም ብሎ የእድሩን ድንኳን መንገድ ላይ ነው የተከልነው። በአጥር ላይ ነው ያጽናናነው።» በዚያ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። ልጄን ለማዳን አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። አቶ ወንድምአገኝ ያስቀሩትም እሱኑ ጥያቄ ነው።

5. ናዝሬት ሹሩባ ትሠራለች። በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ልጃገረዶች ደጃችን ላይ ወረፋ ይይዙ ነበር። ሐኪሞቹ የእጇ ጅማት ተጎድቷል ብለዋል፤ ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። አሁን የራሷን ፀጉር የምሠራላት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልችልበትም። ስጨርስ መስታወት ታያለች፤ ሻሽ ጣል አድርጋበት ትወጣለች። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

6. አቶ ወንድምአገኝ አንድም ቀን መጥተው አልጠየቋትም። ሽማግሌ ግን ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በክብር ተቀበልኩ፤ ይዘው የመጡትን ይቅርታ ግን መልሼ አስያዝኳቸው። «ውሻው የእኔ አይደለም» ብለዋል አሉኝ። እውነት ነው፣ ውሻው የእሳቸው አይደለም፤ ባለቤቱን በፖሊስ በኩል ለብቻው ይዤዋለሁ። አረንጓዴው ምልክት ግን የእሳቸው ነው። ውሻ እንኳ ከመንከሱ በፊት ይጮሃል፤ የእሳቸው ምልክት ግን «ደኅና ነው፣ ግቢ» ብሎ ነው ያስነከሳት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማዕከሉ አሁን ልጆች ከውሻ እንዲጠነቀቁ የሚመክር ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፏል። መተግበሪያው ግን እየሠራ ነው። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አየሁት። ያ ቪላ አሁንም ሠራተኛ ልጅ ይፈልጋል፤ አሁንም አረንጓዴ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ፦

ሀ/ ጎረቤትን የመጠየቁ ደንብ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ «ላኩኝ» በአስቸኳይ እንዲዘጋ፤ ሌላ እናት ስልክ አይታ ሂጂ ከማለቷ በፊት ቢደርሱልን።

ለ/ አቶ ወንድምአገኝ በዚያው አዳራሽ፣ ያጨበጨቡላቸው ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ ጥያቄውን ማን እንዳስቀረና ለምን እንዳስቀረ በገዛ አንደበታቸው እንዲናገሩ። እኔ የፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አላጨበጭብም።

ሐ/ ይህን ሦስተኛውን ሕጉ እንደማይፈቅድልዎ አውቃለሁ፤ ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል። አቶ ወንድምአገኝ እንደ ልጆቻችን በዚሁ መተግበሪያ ተመዝግበው፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ወደዚያ ቪላ ይላኩልኝ። በሩ ላይ ቆመው «ቤቶች» ይበሉ፤ ግቡ ሲባሉ ይግቡ። አስቀድመው ወ/ሮ ሃዊን መጠየቅ ግን አይፈቀድላቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤ ሰላምታው ለእርስዎ እንጂ ለእሳቸው አይደለም።

ፅጌረዳ ገብረ መድህን
(ፊርማ)

ናዝሬት ብሩክ
(ፊርማ)

የልጄ ፊርማ ተንጋዶ ቢያዩት፣ በግራ እጇ መጻፍ ገና እየተለማመደች ስለሆነ ነው።