ሁለት ቤት የተሳለላት መንደር

ሰኞ

ተሰቀለ። ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ሦስት ጊዜ ተጣሞ፣ በመጨረሻ በአራት ሚስማር ተሰቀለ። የመሥሪያ ቤታችንን የቆጠራ ውጤት በሥዕል ያሳየሁበት ትልቅ ወረቀት፣ የስብሰባ አዳራሹን የፊት ግድግዳ ከሞላ ጎደል ሸፍኖታል። ከላይ «ኑሯችንና ንግዳችን ባንድ እይታ» ይላል፣ እኔ በመረጥኩት አረንጓዴ።

ምን ምን እንዳለበት ልጻፈው፣ ሰው ሲያመሰግነኝ የምመልሰው እንዳላጣ። የሚዛንና የአማን ሱቆች በሱቅ ሥዕል። ባጃጆች በባጃጅ (ሰው ሁሉ የወደደው እሱን ነው)። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ በቧንቧና በጀሪካን። ቀፎ። ኮረሪማ። ከታች ደግሞ ከከተማ ራቅ ያሉ መንደሮች፣ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች። አንዷ የቤት ሥዕል አሥር ቤት ናት። የቤቶቹ ጣሪያ ቀይ ነው፣ በሩ ነጭ። በሩን ለመሳል ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

አለቃዬ አቶ ታደለ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲያዩት ቆዩና፣ ሠንጠረዥ ማንም አያነብም፣ ይሄን ግን ሕፃንም ያነበዋል አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሠንጠረዥ ስሠራላቸው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ከሰዓት የትምህርት ሰዎች እዚያው አዳራሽ ስብሰባ ነበራቸው። ሲወጡ ሁለቱ ቆመው በስልካቸው አነሱት።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ፎቶውን ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ማቴዎስ በቴሌግራም ላክሁለት። ተወልደን ባደግንበት መንደር፣ በዛምታ፣ መምህር ነው። ለእማዬ ደግሞ በትንሹ ያተምኩትን አንድ ወረቀት ለገበያ መጥቶ በነበረ የመንደራችን ሰው እጅ ላክሁላት። አታነብም፣ ሥዕል ግን ታያለች።

ማክሰኞ

ጋሼ ማቴዎስ ደወለ። ስለ ፎቶው ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ገና ሳነሳው እየሳቅሁ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሊታጠፍ ነው አለኝ። የዛምታ ትምህርት ቤት፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለው፣ እኔም ፊደል የቆጠርኩበት። ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ልጆቹ ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቁ ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀላሉ ተብሏል። ትናንት በስብሰባ ተነስቶ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፣ ዓርብ ይጸድቃል። ምክንያቱን ሲጠይቅ መንደሩ ሰው የለውም አሉት።

«እንዴት ሰው የለውም ይባላል፣ ሊዲያ? እኔ ማንን ነው የማስተምረው?»

አንቺ እዚያው ነሽና እስቲ አጣሪልኝ ብሎ ዘጋ።

ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ባዶ ነበር። ከግድግዳው ታች፣ ከግራ በኩል ሦስተኛው መስመር፦ ዛምታ። ሁለት ቤት። ሁለት ቆንጆ ቀይ ቤት፣ በራቸው ነጭ። እኔ ነኝ የሳልኳቸው። ስስላቸው ሁለት መሆናቸው ለምን እንዳልገረመኝ አላውቅም። ቀለም ላይ ነበርኩ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ዋናውን ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ሦስት ዓምድ አለው፦ ሰው ያለበት፣ ዝግ፣ ባዶ። በዛምታ ፊት ለፊት ዝግ የሚለው ዓምድ ሞልቷል። አቶ ታደለ ዝርዝር አታብዥ ስላሉኝ፣ ቦታም ስለጠበበኝ፣ ዝጉን ከባዶው ጋር አንድ ላይ አድርጌ ከሥዕሉ አስወጥቼዋለሁ። ሌላ ሰው አይደለም። እኔ።

ቀኑን አየሁ። የተቆጠረው በኅዳር ነው።

በኅዳር ዛምታ ውስጥ ሰው አይገኝም። ቡናው ሲቀላ ሰው ድስቱን፣ ሕፃኑን፣ አንዳንዱም ዶሮውን ይዞ ቡና ጫካ ይወርዳል። ዝንጀሮና ሌባ እንዳይቀድመው እዚያው ዳስ ሠርቶ ይከርማል። ጋሼ ራሱ በዚያ ሰሞን ለግማሽ ክፍል ነው የሚያስተምረው። ይህን የማያውቅ የዛምታ ልጅ የለም። ቆጣሪዎቹ የከተማ ልጆች ናቸው፣ በር አንኳኩ፣ መልስ አጡ፣ ዝግ ብለው ጻፉ። እነሱ ምን ያድርጉ። እኔ ግን በዚያ ዳስ ውስጥ ነው ያደግሁት።

ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ

ለአቶ ታደለ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ፣ የተሰቀለ ነገር ነው እኮ አሉ፣ እንግዶችም አንስተውታል፣ ዛሬ ብናወርደው ሌላውም ሁሉ ስሕተት ነው ወደ መባል ይሄዳል። ቀስ ብለን በሚቀጥለው ዓመት እትም እናስተካክለው።

በሚቀጥለው ዓመት የዛምታ ሕፃናት ወንዙ ማዶ ናቸው አልኳቸው። ወንዙ ድልድይ የለውም፣ ግንድ ነው የተጋደመበት። በጋውን እሺ። ዝናብ ሲጀምር ግንዱን ውሃ ይወስደዋል፣ በየዓመቱ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ዞረው በሩቁ መንገድ ይሄዳሉ፣ ትንንሾቹ ይቀራሉ። የቀረ ልጅ ደግሞ አይመለስም።

ሰሙኝና፣ ማስረጃ ካለሽ ዓርብ ስብሰባው ላይ ተናገሪ፣ እኔ አልከለክልሽም አሉ። አልከለክልሽም። ከአጠገብሽ እቆማለሁ አላሉም።

ለጋሼ እስካሁን አልነገርኩትም። ሦስት ጊዜ ደውሏል። እያጣራሁ ነው አልኩት። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ጸሎት ሞከርኩ፣ ቃል አልመጣልኝም።

ነገ ፈቃድ ወስጄ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

በሚኒባስ እስከ ሸዋ ቤንች ከተማ። ከዚያ በሞተር፣ ጭቃው እስከፈቀደ። ከዚያ በእግር። ግንዱ ላይ ስደርስ ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ፣ መሃል ላይ በእጅና በእግሬ እየዳህኩ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ።

ቆጠርኩ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ማን ይኖራል፣ ስንት ልጅ፣ ስም ማን። ሰው ሁሉ እቤቱ ነው፣ ቡናው ተለቅሞ አልቋል፣ ጭስ ከየጣሪያው ይወጣል። አብዛኞቹ በሮች ላይ ነጭ ጠመኔ አለ፣ ቆጣሪዎቹ ዝግ ለማለት ያደረጉት የመስቀለኛ ምልክት። የማንም እጅ አላጠፋውም። የመንግሥት ምልክት ነው ብለው፣ ዝናብ እንኳ እንዳያጠፋው ጣሪያቸውን ያስረዘሙ አሉ። ለእርዳታ ነው ያለም አለ፣ ለመብራት ነው ያለም አለ። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ።

የእማዬም በር ላይ አለ። ዙሪያውን በጥንቃቄ ጠርጋለች።

ጨሞ አፈላችልኝ፣ የቡናውን ቅጠል በሚጥሚጣና በዝንጅብል። የላክሁላትን ወረቀት ከሣጥኗ አወጣች። ጎረቤት ሁሉ አይቶታል አለች፣ ልጄ ናት የሠራችው ብዬ። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ ባጃጆቹን ሄደችባቸው፣ ቀፎውን፣ ኮረሪማውን። ከዚያ፣ ዛምታ የትኛው ነው አለችኝ። አሳየኋት። ሁለቱን ቤት ቀረብ አድርጋ አየቻቸው።

«የኛ የትኛው ነው?»

በቋንቋችን ነው ያለችው፣ በቤንችኛ፣ በጣም ለስለስ አድርጋ። መልሴን ግን አልጠበቀችም። በቀኝ በኩል ያለውን መርጣ፣ ይሄ ነው፣ በሩ ያምራል አለች።

ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ከእንሰቱ ኋላ፣ ልጅ ሳለሁ ስገረፍ የማለቅስበት ቦታ።

ጋሼ ማቴዎስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያው አገኘኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ኅዳሩን፣ ዓምዱን፣ ቀለሙን። ጠመኔ የነካ እጁን በሱሪው ጠረገ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ አንቺ ነበርሽ የምታስተካክዪው» አለኝ በመጨረሻ።

የክፍሎቹን መዝገብ ሰጠኝ፣ የአራቱንም። በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ

ተናገርኩ። ስሕተቱ የኔ ነው አልኩ። ቆጠራው በቡና ለቀማ ወቅት እንደተደረገ፣ ዝግ ማለት የተተወ ማለት እንዳልሆነ፣ መዝገቡ ይኸው፣ የቤቶቹ ዝርዝር ይኸው። የቆምኩት ከራሴ ሥራ ሥር ነው። ከኋላዬ ያሉትን ሁለት ቀይ ቤቶች ሁሉም ያያቸዋል።

ሰብሳቢው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ታዲያ የቱን እንመን፣ እህቴ? ሰኞ ያሳያችሁንን ወይስ ዛሬ የምትይውን?»

መዝገቡን አቀበልኳቸው። አንዷ ሴት መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ለጎኗ አቀበለች፣ እሱ ሳይከፍተው ለሚቀጥለው። ዞሮ ተመለሰልኝ። አቶ ታደለ ስልካቸውን ያዩ ነበር።

ውሳኔው ጸደቀ። ደብዳቤው ተፈርሟል። ቅሬታ ካለ በጽሑፍ ይቅረብ፣ ይታያል ተባለ። ይታያል የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ራሴ ጽፌዋለሁ።

ስወጣ አንድ ሰውዬ አስቁሞኝ፣ ባጃጁን በምን ፕሮግራም ነው የሠራሽው አለኝ።

ቅዳሜ

ቢሮ ገባሁ። ማንም የለም። ፋይሉን ከፍቼ በዛምታ መስመር ላይ የጎደሉትን ቤቶች ጨመርኩ። ቅዳ፣ ለጥፍ፣ ቅዳ፣ ለጥፍ። ቀይ ጣሪያ፣ ነጭ በር። መስመሩ ሞልቶ ወደ ታች ወረደ። ኮረሪማውን ትንሽ ሳሳንሰው ቦታ ተገኘ።

አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ይሄ ነው የገደለኝ። ቦታ ጠበበኝ ብዬ ነበር። ቦታ ነበረ። ሰዓቱን አይቼ ጭንቅላቴን ኪቦርዱ ላይ ደፋሁት። ለማን ነው የምልከው አሁን? ማን ይሰቅለዋል? ከዚህ በኋላ ሥዕል የምሠራበት ዓይን ያለኝ አይመስለኝም። ሰው ባንድ እይታ እንዲያውቅ አደርጋለሁ ብዬ ስድስት ዓመት፤ ባንድ እይታ እኮ አወቁ፣ ያወቁት ነገር ነው ውሸት።

ለጋሼ ደወልኩ። ውጤቱን ነገርኩት። እሺ አለ። ወላጆችን ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ አለ። ከዚያ፣ ደብዳቤው በማን እጅ ነው የሚመጣው አለኝ። በሱፐርቫይዘሩ አልኩት፣ መንገዱ ሲመቸው። ሳቀ። በዚህ ሳምንት ሲስቅ የሰማሁት ይሄን ብቻ ነው።

«እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አንቺም ታውቂዋለሽ። ደብዳቤው እጄ እስኪገባ ድረስ የትምህርት ቤቱን ደወል እደውላለሁ። አንቺ ቅሬታውን ጻፊ» አለ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጻፍኩት። ዛሬ ዝናብ የለም፣ ግን መንገዱ ገና እርጥብ ነው፣ ደብዳቤው ይዘገያል።

በሥዕል ልሥራው ብዬ አስቤ ነበር፣ ልማድ ነው። ተውኩት። ሠንጠረዥ ነው ያደረግሁት። አንዱ መስመር አንድ ቤት። የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የልጆቹ ስም፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው፣ በኅዳር ቤቱ ለምን ዝግ ነበረ። የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፦ ቡና ለቀማ፣ ቡና ለቀማ፣ ቡና ለቀማ። ስጽፈው እጄ ዛለ፣ ግን «ከላይ እንደተጠቀሰው» ብዬ አላሳጠርኩም። አንድ ጊዜ አሳጥሬ አይቼዋለሁ።

ተራ ቁጥር አንድ ላይ የእማዬን ስም አስገባሁ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የላትም፣ ለቅሬታው አትጠቅምም። ቢሆንም አስገባኋት።

ሠንጠረዥ ማንም አያነብም ብለዋል አቶ ታደለ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ብዙ ተስፋ የለኝም፣ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ደግሞ መዋሸት አልፈልግም። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ማቴዎስ ደወል ይደውላል። እኔም በዚያው ሰዓት ቅሬታዬን ይዤ መዝገብ ቤቱ በር ላይ እሆናለሁ።