ከምርጊቱ በታች ያለው ስንጥቅ

ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
ምርጊቱ ደርቋል። አሁን ሄጄ በመዳፌ ዳሰስኩት። ልስላሴው የሙሽራ ጉንጭ! ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ እንዲህ የሚመርግ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ደብተሬ፣ አንተም ታዝበሃል፤ በማታ ት/ቤት ፊደልን በአንድ ክረምት ያንበረከከው ይኸው እጅ ነው።
ቅርስ መዝጋቢዎቹ እንግዶች ነገ ይመጣሉ። አምና መጥተው ቤ/ክርስቲያኑን በፎቶ ለቅመውት ሄዱ። ፎቶውን ኮምፒውተር ይገጣጥመውና ሕንጻውን ቁልጭ አድርጎ ያቆመዋል። ሞዴል ይሉታል። በጣት ታዞረዋለህ። ዓለም ሊያየን ነው! ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይመረግም? ገበዙ አባ ተክሌ አዘዙ፣ እኔ መረግኩ። በሰሜኑ ግድግዳ ያ አስቀያሚ ስንጥቅ ነበር። አሁን የት አለ? ፈልገው!

ኅዳር 7፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
አለቃቸው ወ/ሪት ሰብለ የምትባል ልጅ ናት። ካሜራዋን ረጅም ዘንግ ላይ አስራ፣ እርምጃ በእርምጃ ዞረች። ድሮን አላመጡም። በዚህ ጊዜ እላያችን ላይ የሚያንዣብብ ነገር ማን ይወዳል? ደግ አደረጉ። መቅደሱንም አላነሱም፤ አባ ተክሌ መጋረጃው ፊት ቆመው እዚህ ድረስ አሏት። ጎንበስ ብላ ተመለሰች።
ሰሜኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። አምና እዚህ ስንጥቅ ነበር አለች። በሕዝቡ ፊት ደረቴን ነፋሁ። እኔ ደምሴ ጠገንኩት አልኳት። በምን ሞላኸው? አለችኝ። በድንጋይ ነዋ! ያስገባሁትን ድንጋይ የመንደሩ አህያ ሁሉ ተሰብስቦ አይችለውም። ሰው ሳቀ። አባ ተክሌ እጅህ ይባረክ አሉኝ።
ውሸት ነው ደብተሬ። ድንጋይ የለም። ጭድና ጭቃ ነው፤ እሱም ላይ ላዩን። ክንዴን እስከ ክርኔ የሚውጠው ክፍተት ከሥሩ እንዳለ አለ።

ኅዳር 9፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ሞዴሉን አሳየችን። ሰው ላፕቶፑ ላይ ተጋፋ። ደብራችን አየር ላይ ይዞራል። አንዲት ባልቴት እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ ሊሳለሙት ጎንበስ አሉ።
የአምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አቆመች። በአምናው ስንጥቁ ከመስኮት እስከ መሠረት። በዘንድሮው የኔ ምርጊት። እዚያ ላይ ጽሑፍ አለ። ማንም ሳያነብልኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፦ ስንጥቁ በድንጋይ ተሞልቷል። ጠጋኝ፦ አቶ ደምሴ።
ስሜን ሌላ ሰው ጽፎት ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ። ሰው ደስታ መሰለው።
ወ/ሪት ሰብለ ለአባ ተክሌ አስረዳቻቸው። ካሜራ የሚያየው ላዩን ነው፣ ውስጡን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው፣ እኔ እሱን አምኛለሁ አለች። እንግዲያው የሚካኤል ለት ወንዱ እንደ ወትሮው በሰሜን በኩል ይቁም አሉ አባ ተክሌ።
አባቴ የሚቆሙት እዚያው ነው። መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው። ግድግዳው ቢናድ የሚወድቀው እሳቸው ላይ ነው።

ኅዳር 10
ምሳዬን ሳልጨርስ ገበታውን ገፋሁት። ባለቤቴ ደብሪቱ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሞሰቡን ከደነች። ከዚያ፦ «አንተ ሰው፣ ምላስህ የኛን ቤት ሲያፈርስ ችዬ ኖርኩ። አሁን ደግሞ ቤተ ስኪያን?» ልቀልድ ፈለግኩና ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ።
አባ ተክሌ ቤት ሄድኩ። «ና ግባ፣ ባለ እጁ!» አሉኝ። ስለ ውርጩ አውርቼ ተመለስኩ። ምነው ሸዋ! ይሄ ሁሉ አፍ ይዤ አንዲት ቃል ላጣ?
ዓለም ከተማ ወንድሜ ጋ ብጠፋስ? በዓሉ እስኪያልፍ። ካለፈ።

ኅዳር 11፣ ጠዋት
ነገ ሚካኤል ነው። እንግዶቹ ዛሬ ይሄዳሉ፤ ዕቃ እየጫኑ ነው።
ቆረጥኩ። መናገር ካቃተኝ ማፍረስ አያቅተኝም። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አባ ተክሌም አባቴም እያዩ፣ ምርጊቱን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ። ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ አሳያቸዋለሁ። ወንዱ ነገ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ይቁም። ወ/ሪት ሰብለ እንደገና ታንሳው። ጽሑፉንም ታርመው፦ ስንጥቁ አለ። ስሜን አታጥፋው። ሸፋኝ፦ ደምሴ ትበል።
ደብሪቱ ዶማውን አቀበለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች፤ አብራኝ ልትሄድ ነው።
ቅዳሴው ወጣ።