ራጅ ክፍል ሆኜ ነጎድጓድ ስሰማ

ልጄ፣ ከፍ ስትዪ ደጋፊ፣ ዝቅ ስትዪ ተቀባይ መልአክ ይላክልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ዛሬም ደመና ባየ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይነቅላል። ልጁ ደመና አጠገብ እየበረረች እሱ የሚያድነው ቴሌቪዥን!

ነጎድጓድ ጋማ ጨረር እንደሚረጭ፣ አንቺም በአውሮፕላን እየዞርሽ እንደምትለኪው ከነገርሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንቺን አርግዤ ራጅ ሳነሳ ከወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ መቆሙ አልበቃኝ ብሎ፣ ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ እደርብ ነበር። ከጨረር ደብቄ የወለድኩሽ ልጅ ሰማይ ድረስ ወጥታ ትፈልገው? «ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም» አልሽኝ። የእኔም ራጅ ብዙ አይቆይም፤ ግን በሩን ሳልዘጋ ነክቼው አላውቅም።

ትናንት የአንድ ሽማግሌ ደረት ላነሳ «ትንፋሽዎን ይያዙ» እንዳልኳቸው ውጭ ነጎድጓዱ አጓራ። ልቤ ወዳንቺ በረረና «ይተንፍሱ» ማለቱን ረሳሁት። ምስኪን፣ ዓይናቸው ፈጦ እኔን ይጠብቃሉ!

ክፉ አይንካሽ፣ እግርሽ መሬት በሰላም ይርገጥ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ባረፍሽ ቁጥር፣ መሣሪያሽን ሳታዪ በፊት ደውዪና «እማ፣ ተንፍሺ» በዪኝ።

እናትሽ